ከ10 ስንት? የትምህርት ቤቱ ቁጥር ስለ ማን ነው የሚናገረው

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አንድ የማውቀው ወጣት አባት ስልኩን አውጥቶ ሁለት አፓርትመንት አሳየኝ። ሁለቱም ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ሁለት መኝታ። በመካከላቸው በመኪና አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የአንደኛው ኪራይ ግን ከሌላው በወር 450 ዶላር ይበልጣል። «ልዩነቱ ይኸውልህ ጋሼ» አለና በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ከፎቶውና ከካርታው ሥር የየሰፈሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ተጽፏል፤ ከስሙ ጎን በትንሽ ክብ ውስጥ ቁጥር አለ። የውዱ ሰፈር ትምህርት ቤት ከ10 ስምንት፣ የርካሹ ከ10 አራት። ባለቤቱ ልጃቸውን የመኪናው ወንበር ላይ እያሰረች ዞር አለችና «አራት እኮ ወድቋል ማለት ነው» አለች። «እኛ አገር ከ10 አራት ያመጣ ይደግማል።»

እሱ ሌሊት ኡበር ይነዳል፤ እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። 450 ዶላር ለእነሱ በወር ሁለት ተጨማሪ ቅዳሜ ሌሊት ነው። ቁጥሩ የእውነት የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤቱ ከሆነ ሁለት ቅዳሜ ሌሊት ይገባዋል፤ ለልጁ ያልሆነ ወላጅ ለማን ይለፋል? እኔን ያሳሰበኝ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር የሆነ እንደሆነ ነው።

ቁጥሩን የሚሰጠው መንግሥት አይደለም። ግሬትስኩልስ የሚባል፣ በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እንደ ዚሎ ያሉ የቤት መፈለጊያ ገጾች ከእሱ ተቀብለው ከኪራዩ ዋጋ ጎን ይለጥፉታል። ጥሬ ዕቃው ግን የመንግሥት ነው። በጥር 2002 የጸደቀው የፌዴራል ትምህርት ሕግ፣ በ2015 በተተካበትም ጊዜ ሳይቀየር የቀጠለ አንድ ግዴታ አለው፦ ማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ መፈተን አለበት፤ ውጤቱም በዘር፣ በገቢ፣ በአካል ጉዳትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ተከፋፍሎ ለሕዝብ ይወጣል። ቨርጂኒያ ፈተናዋን ኤስኦኤል ትለዋለች፣ ሜሪላንድ ኤምካፕ። ኤስኦኤል እስከ 600 ይታረማል፤ 400 ያመጣ አለፈ ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ነገር አለ። ፈተናው የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል ነው። የወዳጄ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኪንደርጋርተን ልትገባ ነው። ፊደል የምትቆጥርበት፣ ማንበብ የምትጀምርበት፣ ጓደኛ የምታፈራበት ዘመን ሁሉ በዚያ ክብ ውስጥ የለም። ቁጥሩ የተሠራው ከእሷ በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ዓመት በሚበልጡ የሌላ ሰው ልጆች ውጤት ነው፤ ያውም ባለፈው ዓመት ወይም ከዚያ በፊት በተፈተኑት። እሷ ለፈተና ስትደርስ እነሱ መካከለኛ ደረጃ ገብተው አልቀዋል።

ቢሆንም የዛሬዎቹ ልጆች ያመጡት ውጤት የትምህርት ቤቱን ጉብዝና ያሳያል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። አሜሪካም እንዲያ ታስብ ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መንግሥት በትምህርት ዕድል ያለውን ልዩነት እንዲያጠና አዘዘ፤ ሥራው ለሶሲዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማን ተሰጠ፤ ከ600,000 በላይ ተማሪዎች ተፈትነው በ1966 ሪፖርቱ ወጣ። የተጠበቀው፣ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች በገንዘብ፣ በመጻሕፍትና በሕንፃ መበደላቸው የውጤቱን ልዩነት ያስረዳል የሚል ነበር። ኮልማን ያገኘው ሌላ ነው። የልጁን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ይተነብየዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ አብረውት የሚቀመጡት ልጆች የቤተሰብ ሁኔታ። ስለ ዘዴው ብዙ ተከራክረውበታል፤ ገንዘብም በደንብ ከዋለ ለውጥ እንደሚያመጣ በኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን የአንድን ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ለመገመት የሰፈሩን ገቢ ማወቅ ብዙ መንገድ እንደሚያስኬድ ዛሬም ማንም አይክድም።

ይህ ማለት የድሃ ልጅ አይገባውም ማለት አይደለም፤ እንዲያ ብሎ የሚያነበው ሰው ስላለ ነው የምናገረው። የጠበቃዋ ልጅ ኪንደርጋርተን ስትገባ ከኋላዋ ሁለት ሦስት ዓመት የተከፈለበት ቅድመ ትምህርት አለ፤ ማታ ማታ መጽሐፍ ሲነበብላት አድጋለች። የእኛዋ ልጅ አያቷ ጋር ውላ፣ አማርኛውን አቀላጥፋ፣ እንግሊዝኛውን ከዩቲዩብ ለቃቅማ ትመጣለች። ያቺ ስምንት ዓመት አንድ ቤት ትኖራለች፤ ይቺ የኪራይ ውሉ ባለቀ ቁጥር ትዛወራለች፣ አንዳንዴም በዓመቱ አጋማሽ። ሁለቱን ልጆች አንድ አስተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ በእኩል ቢያስተምራቸው በ3ኛ ክፍል ፈተና እኩል አይወጡም። ልዩነቱን አስተማሪው አልፈጠረውም፤ ክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ለአስተማሪው ይጽፈዋል።

ስለዚህ የሚሻለው ጥያቄ ልጁ የት ደረሰ ሳይሆን ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለው ነው። ባለሙያዎቹ ዕድገት ይሉታል። እንበልና አንደኛው ትምህርት ቤት ልጆቹን 3ኛ ክፍል ሲቀበላቸው ከእኩዮቻቸው አንድ ዓመት ቀድመው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አንድ ዓመት ቀድመው ሸኛቸው። በሦስት ዓመት የሦስት ዓመት አስተማረ ማለት ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ሌላኛው ዓመት ተኩል ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ተቀብሎ ግማሽ ዓመት ብቻ የቀራቸው አድርጎ ሸኘ። በሦስት ዓመት የአራት ዓመት አስተማረ። በደረቁ ውጤት ግን የመጀመሪያው ስምንት ነው፣ ሁለተኛው አራት።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሾን ሪርደን ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የፈተና ውጤቶችን ደርድሮ ሲያይ፣ የአንድ አካባቢ ልጆች 3ኛ ክፍል ላይ የሚያመጡት ውጤትና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚያድጉት ዕድገት እምብዛም የማይገናኙ ሆነው አገኛቸው። በ2017 ስሙ የተነሣው ቺካጎ ነበር። ስሟ በመጥፎ ትምህርት ቤት የሚጠራ፣ አብዛኛው ተማሪዋ ድሃ የሆነ ከተማ። ልጆቿ በ3ኛ ክፍል ከአገሪቱ አማካይ በታች ናቸው፤ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ባለው አምስት ዓመት ውስጥ ግን የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት ይጨብጣሉ። በዕድገት ከአገሪቱ የትምህርት ወረዳዎች 96 በመቶውን በለጠች። ስለ ቺካጎ ትምህርት ቤቶች የሚያወራ ሰው ይህን ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ግሬትስኩልስም ትችቱ ደርሶታል። እስከ 2017 ድረስ ቁጥሩ በዋናነት የፈተና ውጤት ነበር፤ ከዚያ ሌሎች መለኪያዎች ተጨመሩ፤ በ2020 ለዕድገት የሚሰጠው ክብደት ከፍ አለ። ተሻሽሏል። ግን ደረቁ ውጤት አሁንም ውስጡ አለ፤ ወላጅ ደግሞ ክቡን አይቶ ያልፋል እንጂ ከሥሩ ገብቶ ዝርዝሩን አይከፍትም። ቨርጂኒያ ራሷ በ2024 ባጸደቀችው አዲስ አሠራር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትን ስትመዝን ከመቶው 65ቱን ለውጤት፣ 25ቱን ለዕድገት ሰጥታለች፤ ከዚያ ትምህርት ቤቶቹን ከ«የላቀ» እስከ «ብርቱ ድጋፍ የሚያስፈልገው» በአራት ስም ትጠራቸዋለች። ክርክሩ ብዙ ነው። ውጤት ይቅደም የሚሉት፣ ዕድገት አሳየ ተብሎ ማንበብ የማይችል ልጅ ሲሸኝ ወላጅ እየተታለለ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ በራሷ የንባብ ፈተና ከ10 ልጆች ሰባት ያህሉ ያልፋሉ፤ በ2024 አገር አቀፉን ፈተና የወሰዱት የ4ኛ ክፍል ልጆቿ ግን በቂ ከሚባለው ደረጃ የደረሱት ከ10 ሦስት ያህል ናቸው። የአገር አቀፉ ሚዛን ሆን ተብሎ የከበደ መሆኑን ብናስብ እንኳ ማለፍ የሚለው ቃል ቀልሏል።

ዕድገትም የራሱ ችግር አለው፤ ይንቀጠቀጣል። አንድ ትምህርት ቤት 60 የ4ኛ ክፍል ልጆች ቢኖሩት አንድ ልጅ ማለት ከመቶ 1.7 ነጥብ ገደማ ነው። አምስት ልጆች በጉንፋን ላይ ተፈትነው ቢወድቁ ወይም ከፈተናው በፊት አምስት ጎበዞች ሰፈር ቀይረው በቦታቸው ገና ያልቻሉ ቢገቡ ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት ስምንት ነጥብ ይወርዳል። አስተማሪው ያው፣ መጽሐፉ ያው። የአንድ ዓመት ቁጥር አይቶ ቤት የሚቀይር ሰው በሳንቲም ዕጣ እንደሚጥል ሰው ነው፤ ቢያንስ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ማየት ነው።

ከክቡ ሥር የተማሪዎቹ ማንነት የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ አለ። ወዳጄ እሱንም ከፍቶ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥቁር ይበዛዋል» አለኝ። ሚስቱ ሰምታ «እኛስ ምንድን ነን?» አለችው። ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም።

በፌዴራሉ አመዳደብ የሐበሻ ልጅ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ይገባል። በዚያ ሣጥን ውስጥ አባቷ ፋርማሲስት የሆነች ኢትዮጵያዊት አለች፤ ባለፈው የካቲት በዲቪ የመጣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ልጅ አለ፤ ቤተሰቡ በዚህ ምድር 300 ዓመት የኖረ አሜሪካዊ አለ። የሦስቱ አማካይ ስለ ማናቸውም አይናገርም። በመጋቢት 2024 የፌዴራሉ መንግሥት የዘር አመዘጋገቡን ሲከልስ በጥቁር ሥር ዝርዝር ሣጥኖች ጨመረ፦ አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ። ስማችን በስም ተጠርቷል። ይህ እስከ ትምህርት ቤት ሪፖርት ድረስ ከወረደ ስለ ልጆቻችን የምናወራው በግምት አይሆንም።

«በኢኮኖሚ የተጎዱ» የሚለው ዓምድ ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ የሚሰላው በፍሪ ላንች፣ ትምህርት ቤቱ በነፃ በሚሰጠው ምሳ ነው። በ2025–26 የትምህርት ዘመን አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዓመት ከ41,795 ዶላር የማይበልጥ ካገኘ ልጁ በነፃ ይበላል፤ እስከ 59,478 ዶላር ከሆነ በቅናሽ። አባት ኡበር፣ እናት መጦሪያ ቤት፤ ሁለቱም ተጨማሪ ሰዓት እየሠሩ 60,000 ከደረሱ በወረቀት ላይ «ያልተጎዱ» ሆኑ፣ ከልብ ሐኪሙ ቤተሰብ ጋር አንድ ዓምድ። በሌላ በኩል በ2010 በወጣ ሕግ ብዙ ችግረኛ ያለበት ትምህርት ቤት ቅጽ ሳያስሞላ ልጆቹን ሁሉ በነፃ እንዲመግብ ተፈቅዷል። መነሻው 40 በመቶ ነበር፣ በ2023 ወደ 25 ወረደ። ለልጆቹ መልካም ሆነ፤ የድህነት መለኪያነቱ ግን ተበላሸ። አንዳንድ ቦታ ሁሉም ስለሚበላ ሁሉም ድሃ ተብሎ ተቆጥሯል፤ ሌላ ቦታ ማንም ቅጽ ስለማይሞላ አሃዙ በሌላ መንገድ ይሰላል። ሁለት ትምህርት ቤቶችን በዚህ ዓምድ ማወዳደር ኪሎን ከክንድ ጋር ማወዳደር ነው።

የእኛን ሰው በይበልጥ የሚነካው ግን «እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ» የሚለው መስመር ነው። የዚህ ቡድን ውጤት በአብዛኛው ትምህርት ቤት ዝቅ ያለ ነው፤ ወላጅ አይቶ ይደነግጣል። ምክንያቱን ላስረዳ። ልጁ በየዓመቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይፈተናል፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዊዳ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ደረጃው ሲሞላለት ከኢሶል፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ልዩ ትምህርት፣ ይወጣል። ከቡድኑም ይወጣል ማለት ነው፤ ሕጉ እስከ አራት ዓመት አብሮ እንዲቆጠር ቢፈቅድም በብዙ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። የጎበዙ ቦታ ትናንት ከቦሌ በተነሣ ልጅ ይተካል። ከቡድኑ የሚወጡት ሁልጊዜ የቻሉት ናቸው፤ የሚገቡት ሁልጊዜ ገና ያልቻሉት። በርሜሉ ከላይ እየተቀዳ ከታች አዲስ ውሃ እየገባ፣ ለምን አይሞላም ብሎ መቆጣት ነው። ትምህርት ቤቱ በዚህ ሥራ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መስመሩ ዝቅ እንዳለ ይኖራል። መታየት ያለበት፣ ልጆቹ በስንት ዓመት ደረጃውን ጨርሰው እንደሚወጡ ነው። በጥናት የታወቀው፣ ለመግባባት የሚሆን እንግሊዝኛ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ የሚነበብበት እንግሊዝኛ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚወስድ ነው። ልጁ ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲንጫጫ አይቶ «ይኼ ምን ኢሶል ያስፈልገዋል» የሚል አባት የሰማው የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማውቀውን ልናገር። ልጅ ሲመዘገብ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ስለ ቤት ቋንቋ ጥቂት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው ምንድን ነው፣ ልጁ በብዛት የሚናገረው የቱን ነው፣ መጀመሪያ አፉን የፈታው በምን ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም፤ ቤቱ በአማርኛ የሚያድርና የሚውል አባት ሦስቱም ላይ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል። ልጄን ወደ ኋላ ያደርጉብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ከዚያ 4ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ጎበዝ የነበረው ልጅ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ይወድቃል፤ አስተማሪዋ የመማር ችግር ይኖርበት ይሆን ብላ ታስባለች፤ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው ይላልና። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳንፍራንሲስኮ ቻይናውያን ልጆች ጉዳይ ሲፈርድ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት አስተማሪ መስጠት እኩልነት አይደለም ብሎ ነበር። ኢሶል የመጣው ከዚያ መብት ነው። ወላጅ አልፈልግም ማለት ይችላል፤ ልጁ ግን ደረጃውን እስኪሞላ ድረስ በየዓመቱ መፈተኑ አይቀርም። ትምህርቱ ቀርቶበት ፈተናው ብቻ ይቀርለታል።

አስተርጓሚም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከምታስተረጉምባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አስገብታለች፤ የሜሪላንዱ ሞንትገመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤት ደብዳቤዎችን ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አማርኛ ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት አንዱ ነው። ሆኖም የወላጅና የአስተማሪ ስብሰባ ላይ አሁንም የሚያስተረጉመው ልጁ ነው። አስተማሪዋ አምስት ደቂቃ ትናገራለች፤ ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው አለች» ይላል። እናት ትፈነድቃለች።

ከሠንጠረዡ ሥር ደግሞ ማንም የማያየው የመቅረት አሃዝ አለ። ከትምህርት ቀኖች 10 በመቶውን፣ ማለትም ከ180 ቀን 18ቱን የቀረ ልጅ፣ በፈቃድም ይሁን ያለፈቃድ፣ አዘውታሪ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ከወረርሽኙ በፊት በአገሪቱ 15 በመቶ ያህሉ ልጅ እንዲህ ነበር፤ በ2022 ወደ 28 በመቶ አሻቀበ፤ ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህን ትምህርት ቤት ሲመዝኑ ይቆጥሩታል። አሁን የእኛን ቤት አስቡት። ቲኬቱ ከገና በፊት ይቆረጣል፤ ልጆቹ ገናን ከአያት ጋር ያሳልፋሉ፤ እዚያው እያሉማ ጥምቀትን ሳያዩ አይመለሱም። በጥር መጨረሻ ሲመለሱ 13 ወይም 14 የትምህርት ቀን አልፏል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጉንፋንና አንድ የበረዶ ማግስት ከበቂ በላይ ነው። ልጁ ጎንደር ጥምቀት ላይ የተማረውን ምንም ትምህርት ቤት አያስተምረውም፤ እኔ ራሴ ልጆቼን ወስጃለሁ፣ አልጸጸትም። ቢሆንም በ1ኛ ክፍል ማንበብ በሚጀመርበት ወራት ሦስት ሳምንት ሦስት ሳምንት ነው።

እስካሁን ቁጥሩን ሳጣጥለው ቆየሁ። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም፤ ቁጥሩ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ባይናገርም በትምህርት ቤቱ ላይ ብዙ ይሠራል። በ1999 የታተመ የኢኮኖሚስቷ የሳንድራ ብላክ ጥናት፣ ቦስተን ዙሪያ በትምህርት ቤት ወሰን ወዲህና ወዲያ ያሉ ተመሳሳይ ቤቶችን አወዳድሮ፣ ወላጅ ለ5 በመቶ የፈተና ውጤት ብልጫ 2.5 በመቶ የበለጠ የቤት ዋጋ እንደሚከፍል አሳየ። ያን ጊዜ ዚሎ አልነበረም። ዛሬ ቁጥሩ ከዋጋው ጎን ተለጥፏል፤ የሚችለው ወደ ስምንቱ ይሄዳል፤ የማይችለው አራቱ ጋር ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስምንቱ ዘጠኝ፣ አራቱ ሦስት ይሆናል። ልምድ ያለው አስተማሪም ችግር ከሚበዛበት ትምህርት ቤት ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ከአራቱ የሚሸሽ ወላጅ ሞኝ ነው አልልም።

በሌላ ጎን ግን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። ከ1965 ጀምሮ ታይትል ዋን የሚባለው የፌዴራል ገንዘብ ድህነት ወደ በዛበት ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ችግረኛው 40 በመቶ ሲደርስ ገንዘቡን ለመላው ትምህርት ቤት ማዋል ይቻላል። ሜሪላንድ በ2021 ባጸናችው የትምህርት ሕግ ድህነት ለተከማቸባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ድጎማ ትሰጣለች፤ 80 በመቶ ከሞሉት ተጀምሮ እየሰፋ እስከ 55 በመቶዎቹ እንዲወርድ ነው የታሰበው። በተግባር ሲታይ አራት ያመጣው ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን የሚውሉ የኢሶል አስተማሪዎች፣ ለንባብ ብቻ የተቀጠረች ባለሙያና ከትምህርት በኋላ የሚያስጠና ፕሮግራም ሊኖሩት ይችላሉ። ስምንት ያመጣው ውስጥ አንዷ የኢሶል አስተማሪ ለሁለት ትምህርት ቤት ተከፋፍላ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ የምትል ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ልጅ አያስፈልገውማ። አማርኛ ተናጋሪ ለሆነች የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ልዩነት ከክቡ ቁጥር ይልቅ ይመዝናል ባይ ነኝ።

ለወዳጄ ያልኩት ይህን ሁሉ አይደለም፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐይ ነበር፣ ልጅቷም ማልቀስ ጀምራለች። ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት ሄዳችሁ በር ላይ ቁሙ አልኳቸው። ቢሮ ገብታችሁ የኢሶል አስተማሪ ስንት አላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ስንት አስተማሪ ለቀቀ፣ ኪንደርጋርተን ላይ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች እንግሊዝኛውን ጨርሰው የሚወጡት ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ አምጡልን በሉ፤ ጥያቄያችሁን ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሚመስልም እዩ።

ሄዱ። ሁለቱንም አዩ። በመጨረሻ የርካሹን ያዙ፤ ያስወሰናቸው ግን የእኔ ትንታኔ አልነበረም። የሚስትየው እኅት እዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ልጅቷን ከባስ ተቀብላ እስከ ማታ ታቆያታለች።

ባለፈው መጸው ባልየው ስክሪንሾት ላከልኝ። ክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር አምስት ሆኗል። ሥሩ «ጋሼ፣ ጨመርን!» ብሎ ጽፎበታል። ልጅቷ ገና 1ኛ ክፍል ናት፤ ፈተና አልተፈተነችም።